ብሎን ሳይነክስ በቅባት

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ለእሳት ነው፤ እሳት ለሚሸከመው ብረትም ግን ያው ይሠራል። ዛሬ በአዲስ አበባ ግቢዎች ከጥንቱ የከሰል ምድጃ ጎን የሥጋ መጥበሻ ማየት እንግዳ አይደለም። አንዱ በርሜል ለሁለት ተከፍሎ እዚሁ ሰፈር በብረት ሠሪ የተሠራ ነው። ሌላው ባለ ጎማና ባለ ክዳን ሆኖ፣ በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የመጣ የከሰል ወይም የጋዝ መጥበሻ ነው። ዋጋቸውም መልካቸውም ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር በብሎንና በቪቴ መያያዛቸው፣ ሁለት ክረምት ደጅ ካደሩ በኋላም ብሎናቸው አልፈታም ማለቱ ነው። ብረት ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ብሎን “ነክሷል” ይሉታል።

ጉዳዩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ብሎኑ ካልተፈታ እሳት የበላው የታች ላሜራ አይቀየርም፤ የጋዙ ማንደጃ ወጥቶ አይጠረግም፤ የላላው እግር አይስተካከልም። አንድ መቶ ብር የማያወጣ ብሎን እምቢ ባለ ቁጥር ሙሉ ዕቃው ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ከዚህም የሚብሰው የሰው ደህንነት ነው። በበዓል ቀን፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ፣ የጋመ ከሰል የተሸከመ መጥበሻ በሚወዛወዝ እግር ላይ መቆም የለበትም።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ የመካኒክ እጅ የለኝም። የግቢዬን ዕቃ ራሴ እየፈታሁ መግጠም ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ከሕግ ትምህርቴ ለዚህ ሥራ የጠቀመኝ አንድ ነገር አለ። ውል የሚረቀቀው ለመዋዋል ብቻ ሳይሆን ለመለያየትም ነው። ተዋዋዮች በፍቅር ሳሉ ውሉ እንዴት እንደሚቋረጥ ካልጻፉ፣ ሲጣሉ የሚፈታው በፍርድ ቤት ደጅ ነው። ብሎንም እንዲሁ ነው። ሁለት ብረት ለዘለዓለም እንዲያያዝ የፈለገ ሰው ያስበይዳል። ብሎን የሚያስገባ ሰው ግን አንድ ቀን ሊፈታው ነው። ስለዚህ የሚፈታበት ቀን መታሰብ ያለበት በሚጠብቅበት ቀን ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

ብሎን ለምን ይነክሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሁላችንም የምናውቀው ዝገት ነው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ የሚይዝ መሆኑን ነው። በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ዝገቱ እዚያ ውስጥ ያብጥና እንደ ሽብልቅ ሁለቱን ያጣብቃል። የአዲስ አበባ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃውን በገፍ ያቀርባል። በበጋም ቢሆን ቀን የሞቀ ብረት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያረግዛል።

ሁለተኛው አመድና ጨው ናቸው። የከሰልና የእንጨት አመድ ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎች ስላሉት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እናቶቻችን አመድን ለዕቃ ማጠቢያ የተጠቀሙበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቅባትን የሚቆርጥ ኃይል አለው። ይኸው የአመድ ውኃ ግን አሉሚኒየምን ይበላል። በዚህ ላይ ከሥጋው የሚንጠባጠበው ጨው ሲጨመር ዝገቱ ይፋጠናል። ሳይጠረግ ያደረ አመድ በብሎን ዙሪያ እንደ ተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በዚህ መካከል የነበረው ቅባት ተቃጥሎ ወደ ደረቅ ጥቀርሻ ይለወጣል። እዚህ ላይ የምጣዳችንን ጉዳይ ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ በሙቀት ኃይል ደረቅና ለስላሳ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ለምጣድ መልካም የሆነው ይህ ነገር በብሎን ጥርስ ውስጥ ሲከሰት ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ ብሎን ላይ መቀባት፣ በገዛ እጅ ማጣበቅ ይሆናል።

አራተኛው ብዙዎችን የሚያስገርመው ነው። ዝገት የማይደፍረው ስቴንለስ ብሎን አንድም ነጥብ ዝገት ሳይኖርበት ሊነክስ ይችላል። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ያለ ቅባት በፍጥነት ሲጠብቅ፣ ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ይፋቅና ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይላሸቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም የለም። በተለይ በኤሌክትሪክ መፍቻ አስሩኑ ብሎን ቶሎ ቶሎ ማጥበቅ የሚወድ ሰው ይህን ይወቅ።

አምስተኛው የተለያዩ ብረቶች ጎረቤትነት ነው። ብዙ የጋዝ መጥበሻዎች አካላቸው ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነው። በውስጡ የስቴንለስ ወይም ተራ የብረት ብሎን ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ባትሪ ያለ ሥራ ይጀመራል፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ከቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት የዚህ ምልክት ነው።

በሚገጠምበት ቀን

አዲስ መጥበሻ ከካርቶን ሲወጣ፣ ወይም ብረት ሠሪው ሠርቶ ሲያስረክብ፣ ግማሽ ሰዓት መስጠት ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ዕቃውን በሦስት ክልል ይክፈሉት። አንደኛው እሳቱ ያለበት ሳጥን ነው። ሁለተኛው ለእሳቱ የሚቀርበው፣ ማለትም የክዳኑ ማጠፊያና እጀታው ነው። ሦስተኛው እሳት የማይደርስበት እግር፣ ጎማና የጎን መደርደሪያ ነው።

እሳት ለማይደርስበት ክልል ተራ ዚንክ የተለበጠ ብሎንና የመኪና ግራሶ ይበቃል። ለእሳት በሚቀርበው ክልል ስቴንለስ ብሎን ከነሐስ ዳዶ ጋር ማገናኘት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነሐስ እንደ ብረት አይዝግም፣ ከስቴንለስም ጋር አይላሸቅም። የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ የነሐስ ዳዶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ለእሳት ሳጥኑ ግን ብሎኑም ዳዶውም ሮንዴላውም ስቴንለስ ይሁን። ዚንክ የተለበጠ ብሎን እዚህ ቦታ የለውም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ከመጠን በላይ የጋለ ዚንክ ጭስ በያጆችን ትኩሳት የሚያስይዝ መሆኑም የታወቀ ነው።

ብሎን ሲገዙ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ዓይነት ስቴንለስ በማግኔት አይሳብም፤ ቢሳብም በጥቂቱ ነው። ማግኔቱ ጥርቅ ብሎ ከያዘው የሚያብረቀርቀው ነገር ሽፋን ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ዋናው ቅባት ይመጣል። በነጋዴው ቋንቋ አንቲ ሲዝ ይባላል፤ ብሎን እንዳይነክስ ተብሎ የተዘጋጀ ሊጥ መሰል ቅባት ነው። የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ይጠይቁ። ከተራ ግራሶ የሚለየው በውስጡ የደቀቀ የመዳብ፣ የአሉሚኒየም ወይም የኒኬል ዱቄት፣ ብዙ ጊዜም ግራፋይት ያለው መሆኑ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ዘይቱ ይቃጠላል፤ ዱቄቱ ግን በጥርሶቹ መካከል ይቀራል፣ ብረት ከብረት እንዳይገናኝም ይከላከላል። አምራቾች ለመዳቡ እስከ 980 ዲግሪ፣ ለአሉሚኒየሙ እስከ 870 ዲግሪ፣ ለኒኬሉ እስከ 1,300 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ጣሪያ ይሰጣሉ። የተለመደው የመኪና ግራሶ ግን ከ130 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ሥራውን ያቆማል። የመጥበሻው አካል አሉሚኒየም ከሆነ የመዳቡን ይተዉና የአሉሚኒየሙን ወይም የኒኬሉን ይምረጡ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ በደረቅ ጨርቅም ይጥረጉ። ዳዶውን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ያዙሩት፤ በጣት የማይሄድ ዳዶ ጥርሱ የተበላሸ ነውና በሌላ ይለውጡት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስስ ቅባት ጥርሱ ላይና ከብሎኑ ራስ ሥር ይቀቡ። ከዚያ በእጅ መፍቻ፣ በዝግታ ያጥብቁ። የተቀባ ብሎን በተመሳሳይ ጉልበት ከደረቁ ይልቅ አብዝቶ ስለሚጠብቅ ጉልበትዎን ቀነስ ያድርጉ። የተረፈውን ቅባት ይጥረጉ።

የብሎኑ ቁመትም ዋጋ አለው። ከዳዶው አልፎ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ ብቅ ቢል በቂ ነው። ረዝሞ የወጣው ክፍል ይዝጋል፤ በኋላ ዳዶው ሲፈታ ያንን ሁሉ ዝገት መሻገር ሊኖርበት ነው። ለጽዳት በየጊዜው የሚፈታ ክፍል ካለ በእጅ የሚዞረውን ባለ ክንፍ ዳዶ ይጠቀሙ።

አንቲ ሲዝ ያላገኘ ሰው ምን ያድርግ? ተራ ብረት በተራ ብረት ላይ ከሆነ፣ ለስላሳ የእርሳስ ጫፍ በጥርሱ ላይ ደጋግሞ ማሸት ይረዳል፤ የእርሳስ ጥቁሩ ግራፋይት ነውና። ከዚህ ሌላ መካኒኮች የሚያውቁት ዘዴ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የጨጓራ መድኃኒት፣ ሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ ነው። ነጩን ፈሳሽ ቀብተው ያደርቁታል፤ ውኃው ሲተን ሙቀት የሚችል ደረቅ ዱቄት ይተዋል። ለክረምት ዝናብ ግን እንደ አንቲ ሲዝ አይመክትም።

የማይቀባበት ቦታ

ቅባት መልካም ነው ማለት ሁሉ ቦታ ይቀባ ማለት አይደለም። ሥጋው የሚያርፍበትን ፍርግርግ የሚይዝ፣ ወይም ከምግቡ በላይ ያለ ብሎን ላይ የመዳብም የኒኬልም ቅባት አይቀቡ። ለምግብ ማሽኖች ተብሎ የተዘጋጀና ይህም በዕቃው ላይ የተጻፈበት ቅባት አለ፤ ካልተገኘ ያለ ቅባት ንጹሕ ስቴንለስ ብሎን አስገብቶ በዝግታ ማጥበቅና ቶሎ ቶሎ መፈተሽ ይሻላል።

ሁለተኛው ክልክል ቦታ የጋዝ መስመር ነው። የሲሊንደሩን፣ የመቆጣጠሪያውንና የጎማውን ማያያዣ ግራሶ መቀባት አይገባም። ጋዝ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበቱ ወይም የብረቱ ገጽ መገጣጠም ነው፤ ግራሶ ቀለበቱን ሊያበላሽ፣ ቆሻሻም ሊሰበስብ ይችላል። አንዳንድ የጋዝ ማያያዣዎች ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞሩ የሚጠብቁ መሆናቸውንም አይርሱ። በዳዶው ማዕዘኖች ላይ ጭረት ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። ይህን ያላየ ሰው “ነክሷል” ብሎ በጉልበት ሲታገል ይበልጥ የሚያጠብቀው ይሆናል። ማያያዣው ደህና መሆኑ የሚረጋገጠው በሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ እብደት ነው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይከማቻልና፣ ሽታው የጠፋ በመሰለበት ቦታም አለ።

የዓመቱ ሥራ

ከእያንዳንዱ ጥብስ በኋላ፣ መጥበሻው በደንብ ሲቀዘቅዝ፣ አመዱን ጠርገው ያውጡ። ከላይ የጠፋ የመሰለ ከሰል ከአመዱ ሥር እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ስለሚችል በብረት ዕቃ እንጂ በፌስታል አይውጣ። ሸራ ወይም ፕላስቲክ ማልበስም ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃው ቀዝቅዞና ደርቆ ሲሆን ብቻ። እርጥብ ዕቃ ላይ የታሰረ ፕላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል። ከታች አየር እንዲገባ ክፍት ይተዉት፤ እግሩንም ከመሬት ከፍ አድርገው ጡብ ላይ ያቁሙት።

በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ይመደብ። እያንዳንዱን ብሎን አንድ ዙር አላልቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህ ቀላል ሥራ ገና የጀመረውን ዝገት ይሰብረዋል። ከበድ ብሎ የፈታ ካለ ጨርሶ ማውጣት፣ ማጽዳት፣ እንደገና መቀባት። ጥርሱ የተበላ ካለ በዚያው ቀን መለወጥ። በመስከረም ደግሞ፣ ለመስቀል እሳት ከመለኮሱ በፊት፣ እንደገና መፈተሽ። የጋዝ መጥበሻ ከሆነ ማንደጃውን አውጥተው ቱቦውን ይዩ። ሸረሪት ድሯን እዚያ ውስጥ ማድራት ትወዳለች፤ ቱቦው ሲደፈን ጋዙ በመንገዱ አልሄድ ብሎ ከኋላ ሊነድ ይችላል። ማንደጃውን ለማውጣት ደግሞ ብሎኑ መፈታት አለበት። ቅባቱ የሚከፍለው ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

በጅቡቲ፣ በጅዳ፣ በዱባይና በሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ከኛ የባሰ ነው። ዝናቡ ጥቂት ቢሆንም ነፋሱ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል። እዚያ የዓመቱን ፈተሻ ሁለት ጊዜ ብቻ ከማድረግ በየሁለት ወሩ ማድረግ ብልህነት ነው።

ከነከሰ በኋላ

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ ብሎኑ ከነከሰ ተስፋ አይቆረጥም፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። የጋዝ ሲሊንደር ካለ ከሁሉ በፊት ተነቅሎ ከአካባቢው ይራቅ። ብቅ ያለውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ዝገቱ ሳይነሳ የሚፈስ ዘይት ወደ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ዝገት ሰርሳሪ ዘይት ያንጠባጥቡና ይተዉት። ትዕግሥት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሌሊት ከአምስት ደቂቃ ይሻላል፤ በመካከሉ ደጋግሞ ማንጠባጠብም ይረዳል። ናፍጣና ነጭ ጋዝም ለዚህ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ይዘገያሉ እንጂ ይሠራሉ።

በየሱቁ የሚሸጠው ደብሊው ዲ-40 እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ነው። ስሙም “ውኃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ” እንደ ማለት ነው። ብሎን ለማላላት ይረዳል። ከተፈታ በኋላ ግን በቋሚ ቅባትነት መተማመን አይገባም፤ እሳት አጠገብማ ወዲያው ይጠፋል። ይህም ናፍጣውም ነጭ ጋዙም ተቀጣጣይ ናቸው። በጋለ መጥበሻ ላይ አይረጩ፤ ሥራው ሲያልቅም ሳይጠርጉና በሳሙና ሳያጥቡ እሳት አይለኩሱ።

ዘይቱ ከጠጣ በኋላ የብሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። በልኩ የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ይጠቀሙ። ፒንሳ የብሎኑን ራስ አድሞልድሎ ነገሩን ያከብደዋል። መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፤ እንደገና ወዲያና ወዲህ። በኃይል አንድ ጊዜ መጠምዘዝ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ዳዶውን በእሳት ማጋል ይቀራል፤ ይህ ግን የበያጅ ሥራ ነው። የመጨረሻው ሰጌቶ ነው። ብሎን ቆርጦ በአዲስ መተካት ሽንፈት አይደለም፤ ርካሹ ክፍል እሱ ነውና። አዲሱ ሲገባ ግን ይቀባ።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028፣ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሳ እንዲከፍል ይደነግጋል። ጥፋት ደግሞ በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም ይመጣል። እንግዳ ጠርቶ፣ እግሩ እንደሚወዛወዝ በሚያውቀው መጥበሻ ላይ ከሰል ያነደደ ባለቤት፣ “ብሎኑ አልጠብቅ አልፈታ ብሎኝ ነው” ቢል መከላከያው ደካማ ነው። በጋራ ግቢ ለሚኖሩና መጥበሻ ለሚዋዋሱ ጎረቤቶች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይመለከታቸዋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ይያዝ ቢባል፣ ግንቦት ሲገባ መፍቻና ቅባት ይዞ እያንዳንዱን ብሎን አንድ ዙር ማላላትና መልሶ ማጥበቅ ነው። አሥራ ሁለት ብሎን ላለው መጥበሻ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዚያ ቀን የሚፈታ ብሎን በመስቀልም ይፈታል።